የጠፋው ቀኝ እጅ

ሰኞ ጠዋት ወርክሾፑ ሲከፈት፣ ከአንድ ጓንት በስተቀር ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። በሩ አልተፈለቀቀም። ቁልፉ አልተነካካም። ኮምፒውተሮቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ሌባ ገብቷል ከተባለ፣ ሌባው አንዲት ነገር ብቻ መርጦ፣ መብራት አጥፍቶ፣ በሩን መልሶ ቆልፎ የወጣ ጨዋ ሰው ነው።

«ጨዋ ሌባ አልወድም» አለ መርማሪው፣ ደረጃውን ጨርሶ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ባለጌው ቢያንስ አንድ ነገር ሰብሮልህ ይሄዳል። መነሻ ይሰጥሃል።»

«እርስዎ ደግሞ ጋሼ፣ ሌባም ያማርጣሉ» አለች ከኋላው የምትከተለው ሳጅን።

መሥሪያ ቤት ውስጥ መርማሪውን «ሙጫው» ይሉታል። ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው «የያዙትን ስለማይለቁ ነው» እያሉ ያሽሞነሙኑታል። እሱ ግን ያውቃል። ስሙ የወጣለት አንድ ወንበር ላይ ተጣብቆ በመቅረቱ ነው። አሻራ ማንሳት እጃቸውን ይዞ ያስተማራቸው ልጆች አንድ በአንድ የትምህርት ወረቀት ይዘው መጡ፤ ወረቀታቸውን አስቀድመው አለፉት፤ ከእነሱም አንዱ ዛሬ አዛዡ ሆኗል። ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ቢሮጥም ስምንተኛ ነው። ይህን ቂም እንደ ቆየ የጥርስ ሕመም ለምዶታል። አልፎ አልፎ በምላሱ ነካ አድርጎ መኖሩን ያረጋግጣል እንጂ እንቅልፍ አይነሳውም።

ወርክሾፑ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። መሐል ላይ ረጅም ጠረጴዛና አንድ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው በቀኙ የብረት መደርደሪያ፣ በግራው ደግሞ በደረት ቁመት ላይ ያለች ረዘም ያለች ጠባብ መስኮት ይኖሩታል። መስኮቷ ክፍት ናት፤ ሆኖም በእሷ ድመት እንጂ ሰው አያልፍም። መርማሪው አንገቱን አስግጎ ወደ ታች አየ። ከሥር የአንድ ፍራሽ አዳሽ ግቢ ነው፤ ሰውየው ተጠርጎ በጸዳ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በረጅም መርፌ ይሰፋል። መሰላል የለም፣ የተረገጠ ነገር የለም። መርማሪው መስኮቷን ከሐሳቡ አወጣት።

የወርክሾፑ ባለቤት ቀጭን፣ ጺሙን ያልተላጨ ኢንጂነር ነው። ሻይ አቀረበላቸው፣ በቆርቆሮ ኩባያ።

የመርማሪው ፊት ጠቆረ። አንድ ጊዜ፣ የትልልቅ ሰዎች ግብዣ ላይ ለጥበቃ ተልኮ፣ እንግዳው ሁሉ በብርጭቆ ሲጠጣ ለእሱ ጆሮው የተሰበረ ኩባያ አምጥተውለት ነበር። ያቺን ኩባያ እስከ ዛሬ ቢያያት ለይቶ ያውቃታል። ይህ ሁሉ ኮምፒውተር የተደረደረበት ቤት ለፖሊስ ሲሆን ቆርቆሮ? ሊናገር አፉን ሲከፍት ግን ኢንጂነሩም ለራሱ በዚያው ዓይነት ሲቀዳ አየ።

«ብርጭቆ አይበረክትልንም» አለ ኢንጂነሩ፣ ዓይኑን ተከትሎ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ግድ የለም፤ ሻዩ አንድ ነው» አለ መርማሪው። «አሁን ጓንቱ ምን እንደሆነ እንደ ሕፃን አስረዳኝ።»

ኢንጂነሩ ደስ ብሎት ጀመረ። ዓይን ላይ የሚታሰር ትልቅ መነጽር አለ። እሱን ያደረገ ሰው በኮምፒውተር የተሠራ ክፍል ውስጥ ራሱን ያገኛል። የሚያየውን ነገር ግን ሊጨብጠው ቢሞክር አየር ነው። የጠፋው ጓንት ግን ሌላ ነው፤ ጣቶቹ ውስጥ ትናንሽ የአየር ፊኛዎች ተሰፍተውበታል። በመነጽሩ የምታየውን ድንጋይ ስትነካ ፊኛዎቹ ይነፉና ጣትህን ይገፉታል፤ ድንጋይ ይሆንብሃል። ስፖንጅ ከሆነ ይለሰልሳል። አንጓው ላይ ክብሪት የምታክል ጠንካራ ሳጥን አለች፤ የጓንቱ አንጎል እሷ ናት።

«ለምን ይጠቅማል?»

«በሕመም እጃቸው የሰነፈ ሰዎች አሉ። ኩባያ ቢይዙ ይጥላሉ፤ ስለሚጥሉ ያፍራሉ፤ ስለሚያፍሩ መሞከር ይተዋሉ። በዚህ ግን ሳያፍሩ ይለማመዳሉ። ሐሙስ ከሆስፒታል ሊያዩት ይመጣሉ። የቀኝ እጁን ብቻ ነው የሠራነው፤ ግራው ገና ነው። ያለችን ያቺ አንዲት ናት።»

«ሰርቆ ለሚሸጣት ሰውስ?»

«መነጽሩና ኮምፒውተሩ ከሌለ የአትክልተኛ ጓንት ናት።»

ሳጅኗ መርማሪውን አየችው። ኮምፒውተሩን ትቶ ብቻዋን የማትሠራ ጓንት የሚሰርቅ ሌባ ወይ ቂል ነው፣ ወይ ይህን ሰው ለመጉዳት የፈለገ ነው።

*

ቅዳሜ በመጨረሻ የወጣችው ዳሳሿ ናት። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ መነጽርና ጓንት አድርጋ እየነካካች «ይሄ ድንጋይ ለሰለሰ፣ ይሄ ስፖንጅ ጠነከረ» ማለት ነው። ሃያዎቹን ያጋመሰች ቁጥብ ልጅ ናት። የታችኛው በር ዘበኛ አባቷ ነው።

«ቅዳሜስ?» አላት መርማሪው።

«ቀኑን ሙሉ ማዶ ነበርኩ።»

«የት ማዶ?»

«መነጽሩ ውስጥ ማለቴ ነው። እኛ ማዶ ነው የምንለው። ሲመሽ አወለቅኩ። ዓይኔ ያቃጥለኝ ነበር። ጓንቱን ላብ ስለሚይዘው እንዲናፈስ እንደ ሁልጊዜው መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ።»

ይህን ስትል ግራ እጇ በደረቷ ቁመት ወደ ጎን ተዘረጋና መዳፏ ወደ ታች ተከፈተ። መርማሪው እጇን አየ። የሚናገር ሰው እጁም አብሮ ያወራል ብሎ አለፈው። ይልቅ ዓይኑ የተተከለው ክንዷ ላይ ያሉት ቀጫጭን ጭረቶች ላይ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እጅጌዋን ጎትታ ሸፈነችው። «ሽቦ ነው። ሥራ ላይ።»

ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል። መርማሪው ለሳጅኗ በዓይኑ ነገራት፤ ሳጅኗም ገብቷታል። ቃሏን ጽፋ እስክሪብቶውን ለፊርማ ሰጠቻት። ልጅቷ ፈረመችና እስክሪብቶውን አየር ላይ ለቀቀችው። ወለሉ ላይ ቀጭ አለ።

«ውይ፣ ይቅርታ። ልማድ ነው» አለች ጎንበስ ብላ። «ማዶ ዕቃ አይወድቅም። የለቀቅሽበት ይቆማል። ጎንበስ ቀና እንዳንል ብለው ነው እንዲህ የሠሩት።»

«የእኔ ባልም እንዲህ ያለ አገር የሚኖር ነው የሚመስለው» አለች ሳጅኗ። «ካልሲውን የለቀቀበት ይተወዋል።»

*

አባትየው ከበሩ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሸበቶ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲጠየቅ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ የሚያስቀምጥ የድሮ ሰው። መርማሪው ገና ሲያየው ወደደው። ደግሞም አዘነለት፤ ምክንያቱም ሰውየው ዓይኑን መሬት ተክሎ ነበር።

«ወንድሜ፣ ቅዳሜ መጨረሻ ማን ወጣ?»

«ልጄ።»

«ምን ይዛ ነበር?»

ዘበኛው በርጩማውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ።

«በእጇ፣ በቦርሳዋ፣ በምንም?»

ዘበኛው ኮፍያውን አንድ ጊዜ ጉልበቱ ላይ አዞረው። ቀና አለ። «እሷን ተዋት ጌታዬ። ጓንቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ቁልፍ አለኝ፤ ገባሁ፤ ወሰድኩ። አለቀ።»

«የት አደረስከው?»

«ሸጥኩት። ለማላውቀው ሰው።»

ሳጅኗ ከኪሷ ካቴና ልታወጣ ስትል መርማሪው እጇን ያዛት። «በእግሩ ይሄዳል» አለ።

*

አዛዡ ነገሩን ሲሰማ ደስ አለው። ቢሮው ውስጥ ጎኑን በትራስ ደግፎ እንደ አራስ ተጋድሟል። ሁለት ዲፕሎማው በመስታወት ክፈፍ ገብቶ ከበላዩ ተሰቅሏል።

«ሰውየው አመነ አይደል? ፋይሉን ዝጋ። ነገ ለዐቃቤ ሕግ ይላክ።»

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ቅር ብሎኛል።»

«አንተን ምን ቅር የማይልህ አለ? ሙጫ።» አዛዡ ትራሱን አስተካከለና ተነፈሰ። «እኔ ራሴን አሞኛል። ፍራሽ አሳደስኩ፤ ትናንት አመጡልኝ። አንድ ሌሊት ብተኛበት ጎኔ ድቅቅ አለ። በእኔ በኩል ብቻ ነው የሚቆረቁረው፤ ሚስቴ ምንም አይሰማኝም ትላለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያው ናት፤ የእኔ ጉዳት እሷን ተሰምቷት አያውቅም።»

«ይማርዎት» አለ መርማሪው።

በሩን ዘግቶ ሲወጣ ሳጅኗ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቀው ነበር።

«ምን አሉ?»

«እስከ ነገ ድረስ አሉ። የታመመ ሰው ለጋስ ነው።»

ነገ ማለት ለዘበኛው እስር ቤት ማለት ነው። እዚያ አንዴ ከገባ፣ ንጹሕ ሆኖ ቢወጣም እንኳ ማን ዘበኛ አድርጎ ይቀጥረዋል? ሌባ ተብሎ የታሰረን ሰው በር ላይ የሚያስቀምጥ የለም።

*

የቀረው ሰው ሸሪኩ ነው። ከኢንጂነሩ ጋር ወርክሾፑን አቋቁሞ፣ ተጨቃጭቆ፣ በሩን ጓ አድርጎ የወጣ። ያገኙት አሁን በያዛት የስልክ መሸጫ ሱቅ ነው፤ ጉንጩ እንደ ሎሚ አብጦ በሻርፕ ታስሯል።

«ቅዳሜ ማታና እሁድ የት ነበርክ?»

«የጥሥ ሐኪም ጋ» አለ ሸሪኩ። አፉ አይታዘዘውም። «ሁለት ነው ያወለቁልኝ። እናቴ አብራኝ ነበረች። ጠይቋት፤ ሐኪሙን ስትሰድበው ነው የዋለችው።»

እናትየው ከሱቁ ጓዳ ብቅ አለች። «እኔ አልተሳደብኩም። እጁ ይከብዳል ነው ያልኩት። ደሞ ይከብዳል።»

ሳጅኗ ሐኪሙ ጋ ደውላ አረጋገጠች። እውነት ነበር፤ ስለ እናትየውም ሐኪሙ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ።

«በምን ተጣላችሁ?» አለ መርማሪው፣ ከእንግዲህ ለወግ ያህል።

ሸሪኩ ለመሳቅ ሞክሮ ጉንጩን ያዘ። «አልተጣላንም፤ እኔ ነኝ ያቃተኝ። ቀኑን ማዶ እውልና ቤቴ ስገባ የልጄን ወተት አየር ላይ አስቀምጣለሁ። ሳህን አየር ላይ አስቀምጣለሁ። አንድ ቀን ሚስቴ መጥረጊያ ይዛ ‹ወይ ሥራህን ምረጥ ወይ እኔን› አለችኝ። እዚህ ስልክ እሸጣለሁ፤ ዕቃ ይወድቃል፤ ሰላም ነኝ።»

ሲወጡ ሳጅኗ «ቂም የሌለው ተጠርጣሪ ምን ያደርጋል?» አለች።

ሰው ትቶት የወጣውን ቤት ያለ ቂም ማንሳቱ መርማሪውን ገርሞታል። ትንሽም ቀንቷል።

*

ማክሰኞ ጠዋት ዘበኛውን አስጠራው። ሻይ አስመጣለት፣ በብርጭቆ።

«እስቲ ከመጀመሪያው እንጫወት ወንድሜ። ጓንቱን በምን ይዘህ ወጣህ?»

«በፌስታል።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

የሳጅኗ እስክሪብቶ ቆመ።

«ስንት ጓንት ነው የሰረቅከው?»

«ሁለት ነዋ ጌታዬ። ሰው ስንት እጅ አለው?»

መርማሪው ወንበሩን አስጠጋ። «የተሠራው ቀኙ ብቻ ነው። ግራ የለውም። አንተ ያንን ጓንት በዓይንህ አይተኸው አታውቅም።»

ዘበኛው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ልጅህን ነው የምትሸፍነው። ምን ይዛ አየሃት?»

«ተወኝ ጌታዬ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ብቻዬን ነው ያሳደግኳት። እኔ አርጅቻለሁ፤ እስር ቤትም ያው መቀመጥ ነው። እሷ ግን ገና መጀመሯ ነው።»

«የማላውቀውን ነገር መጠበቅ አልችልም። ንገረኝና አብረን እንጠብቃት።»

ሰውየው ነገሩን እንደ ሸክም አወረደው። ቅዳሜ ልጁ ስትወጣ ጃኬቷ ሥር አንድ ነገር አቅፋ ነበር። ደረቷ አብጧል። እንደ ወትሮዋ ሳትስመው፣ ፊቷን አዙራ «ደህና እደር አባዬ» ብላ ሮጠች። ሰኞ ጓንት ጠፋ ሲባል ያንን አስታወሰ።

መርማሪው ተነሳ። አሁን ዘበኛው ነጻ ነበር፤ ልጁ ግን ነገሩ ውስጥ እስከ አንገቷ ገብታለች። ያቺን ጭረት አስታወሰ። ያቺን የቀላች ጆሮም።

*

ቤታቸው ሁለት ክፍልና አንዲት ዕቃ ቤት ነው። ልጅቷ በሩን ከፍታ ሳትጠይቃቸው ወደ ኋላ አለች። ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል።

«አባዬን መቼ ትለቁታላችሁ? እሱ አልወሰደም።»

«እናውቃለን» አለ መርማሪው። «ቅዳሜ ጃኬትሽ ሥር የነበረውን አምጪው።»

ጆሮዋ ቀላ። ልትክድ አሰበች፤ ግን ጊዜ አላገኘችም። ከዕቃ ቤቱ ውስጥ ቀጭን፣ የተቆጣ ድምፅ መጣ። «ሚያው።»

ሳጅኗ በሩን ከፈተች። አንዲት ግራጫ የድመት ግልገል ከሽንኩርት ጆንያ ላይ ወርዳ ጫማዋን አሽትታ፣ ሳትወደው ቀርታ ጀርባዋን ሰጠቻት።

«በመስኮቷ ነው የገባችው» አለች ልጅቷ፣ እንባና ሳቅ እየተጋፉባት። «አባዬ ድመት አይወድም። ‹ድመት የገባበት ቤት እኔ አልገባም› ነው የሚለው። ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ ብዬ... ክንዴንም እሷ ናት የቧጨረችኝ።»

«አባትሽ ያየው እሷን ነው» አለ መርማሪው። «ጓንቱ መስሎት ነው እኔ ወሰድኩ ያለው።»

ሳቋ ቆመ። «አባዬ ሌባ ናት ብሎ አሰበ?»

«ሌባ ናት ብሎ ቢያስብ ኖሮ ይቆጣሽ ነበር። ልጄ ናት ብሎ ነው ያሰበው።»

ልጅቷ ድመቷን አቅፋ ፊቷን ጸጉሯ ውስጥ ደበቀች። ሳጅኗ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረች፤ እንዲህ ሲሆን ጣሪያ መመርመር ልማዷ ነው።

*

ወደ ወርክሾፑ ሲመለሱ ሁለት ንጹሕ ሰዎችና አንድ የጠፋ ጓንት ነበራቸው። አዛዡ ሁለት ጊዜ ደውሏል። ኢንጂነሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነበር።

«ያንን ማዶ የምትሉትን አሳየኝ» አለ መርማሪው። «ልጅቷ የዋለችበትን ልዋልበት።»

ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። መነጽሩን አሰሩለት፤ ከጠፋው በፊት የተሠራ፣ ሽቦው የሚንጠለጠል አሮጌ የሙከራ ጓንት በቀኝ እጁ አጠለቁለት።

ዓይኑን ሲገልጥ የት ሄድኩ ብሎ ደነገጠ፤ የትም አልሄደም። ያው ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ ነው።

«የራሳችንን ክፍል ነው የቀዳነው» አለ የኢንጂነሩ ድምፅ ከአንድ ቦታ። «ሌላ ክፍል መሥራት ሥራ ይበዛል። ስፖንጁን ይጭመቁት።»

ጨመቀው። ለሰለሰለት። ድንጋዩን ነካ፤ ጠነከረበት። ኩባያውን አነሳ፤ ክብደት ባይኖረውም ክቡ ጎኑ መዳፉ ውስጥ ሞልቶ ተሰማው። ለቀቀው፤ ኩባያው አየር ላይ ቆመ። መርማሪው እንደ ልጅ ሳቀ። ድንጋዩን ከኩባያው በላይ፣ ስፖንጁን ከድንጋዩ በላይ ሰቀለ። ነገር ሁሉ ባስቀመጡት ቦታ የሚኖርበት አገር፤ ማንም የማይገፋው፣ ማንም የማያልፈው። ሳጅኗ «ጋሼ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ» ብላ እስክትጠራው ድረስ ቆየ።

መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ አቃጠለው። በቀኝ እጁ ዓይኑን እያሸ በግራው ኮፍያውን ከጉልበቱ አንስቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና ወደ ሻዩ ዞረ።

ኢንጂነሩ መነጽሩን ሊቀበል የዘረጋውን እጅ መለሰ።

«ጋሼ» አለች ሳጅኗ በዝግታ። «ኮፍያዎ የት ሄደ?»

«ይኸው መደርደሪያው...»

ዞሮ አየ። በግራው መደርደሪያ የለም። ክፍት መስኮት ነው ያለው። ከታች የፍራሽ አዳሹ ድምፅ መጣ፦ «የማን ኮፍያ ነው? ጥጤ ላይ ወደቀ።»

መርማሪው ወደ መስኮቷ ሄዶ ወደ ታች አየ። ትናንት ባዶ በነበረው መሬት ላይ ዛሬ እንደ ጉም የተቆለለ ጥጥ አለ፤ ኮፍያው መሐሉ ላይ ተቀምጧል። ሲወድቅ ኮሽ አላለም።

«ማዶ ግን እዚህ ጋ መደርደሪያ አለ» አለ ቀስ ብሎ።

ኢንጂነሩ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ነበረ። ክፍሉን ስንቀዳ እዚህ ነበር። ዓርብ ማታ የምንሠራበት ሙጫ ሽታ ሲያስቸግረን መደርደሪያውን ነቅለን ወደ ቀኝ አዛወርንና መስኮቱን ከፈትን። ማዶውን ግን አልቀየርነውም። ማዶ ማን ይሸተዋል ብለን...»

መርማሪው የልጅቷን እጅ አስታወሰ፤ ወደ ግራ የተዘረጋውን፣ መዳፉ ወደ ታች የተከፈተውን። አልዋሸችም። እንደ ሁልጊዜው መደርደሪያው ላይ ነው ያስቀመጠችው። ቀኑን ሙሉ በኖረችበት ክፍል መደርደሪያው እዚያ ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች ደግሞ በጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ናቸው። የእሱም ጭንቅላት ለመታለል አንድ ኩባያ ሻይ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ብቻ ነው የፈጀበት።

«እንዳትስቂ» አለ ሳጅኗን።

«አልሳቅኩም ጋሼ» አለች፣ ፊቷን ወደ ጣሪያው አንጋጣ።

*

ፍራሽ አዳሹ ኮፍያውን በእጁ እያራገፈ ጠበቃቸው። ጥጥ በቅንድቡ ላይ ሰፍሯል።

«ቅዳሜ ማታም እዚህ ጥጥ ነበር?» አለው መርማሪው።

«ነበር እንጂ። ቀኑን ስነድፈው ውዬ፣ ሲመሽ በእቅፍ በእቅፍ እያነሳሁ ፍራሹ ውስጥ ጨመርኩት። ዓይኔ ድሮም ደካማ ነው፤ ቶሎ ካላደረስክ ብለው አስቸኩለውኝ ነበር።»

«ማን ነው ያስቸኮለህ?»

«የእናንተው ትልቅ ሰው ናቸዋ። እኚያ ግድግዳቸው ላይ ወረቀት የሰቀሉት። እሁድ ጠዋት በጋሪ አደረስኩላቸው።»

መርማሪው ኮፍያውን ተቀብሎ አደረገ። ሳጅኗ አየችው፤ እሱም አያት። ለዚህ ያህል ዓመት አብረው ሲሠሩ ሁለቱም እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቁም።

«ጋሼ፣ ቢላ እኔ ጋ አለ።»

«አይሆንም» አለ መርማሪው። «ይሄን እኔ ነኝ የምቀደው።»

*

የአዛዡ ሚስት እጇን አጣጥፋ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመች። አዛዡ ጎኑን ይዞ ከኋላዋ።

«ፍራሼን? አብደሃል እንዴ?»

«ለምርመራው ግድ ሆኖ ነው ጌታዬ» አለ መርማሪው፤ ድምፁ ቅቤ ነበር። «በየትኛው በኩል ነው የሚቆረቁርዎት?»

አዛዡ ሳይወድ በጣቱ አሳየ። መርማሪው ስፌቱን ቀስ እያለ፣ እያንዳንዷን ክር እያጣጣመ ቀደደው። እጁን እስከ ክርኑ ጥጡ ውስጥ ከተተ። ፈለገ። ከዚያ ለስላሳው መሐል ጣቶች ጣቶቹን ነኩት፤ እንደ ወዳጅ ጨበጣቸውና ሳበ። ጓንቱ ጥጥ ለብሶ፣ ክብሪት የምታክል ሳጥኑ አንጓው ላይ እንዳለች ወጣ።

«እሁድ ሌሊት ‹ሰው ጎኔን ጎሸመኝ› ሲለኝ ቅዠት መስሎኝ ነበር» አለች ሚስትየው። «ለካ እውነቱን ነው፤ እጅ ኖሯል።»

አዛዡ ለመቆጣት አፉን ከፍቶ ጓንቱን አየ፤ መርማሪውን አየ፤ የተቀደደውን ፍራሽ አየ። ከዚያ ሳቅ አመለጠው፤ ጎኑን እያመመውም መሳቁን አላቆመም። መርማሪው ይህን አልጠበቀም ነበር። ለዓመታት ያስቀመጠው አንድ መልስ ነበረው፤ አሁን ማውጣት ትርጉም አጣበት። እሱም ሳቀ።

ሪፖርቱን ግን በራሱ እጅ፣ በጥሩ ጽሕፈት ጻፈው። «ንብረቱ የተገኘበት ቦታ» በሚለው ላይ ሲደርስ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቆ ሁለት ጊዜ አነበበው፦ «በአዛዡ መኝታ ቤት»።

*

ሐሙስ ከሰዓት መርማሪው ወደ ወርክሾፑ ጎራ አለ። ዘበኛው በርጩማው ላይ ነበር፤ ግራጫዋ ግልገል ጉልበቱ ላይ፣ ኮፍያው ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታለች።

«ድመት አትወድም አላሉኝም?»

«አልወድም» አለ ዘበኛው፣ እንዳትነቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጄ ስሟን ‹ማስረጃ› አለቻት። ማስረጃ ነው እንግዲህ፤ አይጣል።»

ፎቅ ላይ ከሆስፒታል የመጡት ሰዎች ወንበሩን ከበዋል። የተቀመጠው እጁ የሰነፈ አንድ ሽማግሌ ነው። ዳሳሿ ከጎኑ ተንበርክካ ጓንቱን አጥልቃለታለች። ጣቶቹ አየሩ ላይ ቀስ ብለው ታጠፉ፣ ተንቀጠቀጡ፣ የማይታይ ነገር ላይ ጸኑ።

«ያዝኩት» አለ ሽማግሌው።

«ያዙት አባባ» አለች ዳሳሿ። «አይወድቅም።»

በግራ በኩል፣ ከመስኮቷ ሥር፣ አዲስ መደርደሪያ ተመትቷል። ኢንጂነሩ ማዶውን ከመቀየር ይሄኛውን መቀየር ቀለለኝ ብሎ ነው። ለመርማሪው ሻይ አመጣለት፤ በቆርቆሮ ኩባያ። መርማሪው ቆሞ ጠጣው፤ ጣፈጠው። ሲጨርስ ኩባያውን ሊያስቀምጥ እጁን ዘረጋና ቆም አለ። በመጀመሪያ በግራ እጁ መደርደሪያውን ዳሰሰው። እንጨቱ ሻካራ ነበር፣ ገና ያልተላገ።

ከዚያ አስቀመጠው።